ድንጋይ የመሰለው ወረቀት

ስልኬ የጮኸው ጉርድ ሾላ ካርቶን እየገዛሁ ሳለ ነው። አባዬ ነበር፤ ድምፁ ግን የእሱ አልመስል አለኝ።

«ሉሊት፣ ኤርፖርት ያዙኝ። ቅርስ ልታወጣ ነው አሉኝ።»

አባዬ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ ሕንድ ሊበር ነበር፤ ቀጠሮውን ስምንት ወር ጠብቀናል። አውሮፕላኑ በዘጠኝ ሰዓት ይነሳል፣ አሁን ሰባት ሆኗል። ሐኪሙ አደራ ያለን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዳይደነግጥ።

ቅርስ የተባለው የእኔ ሥራ ነው። አሮጌ ጋዜጣ ዘፍዝፌ፣ ወቅጬ፣ በዱቄት ሙጫ ካርቶን ላይ እለጥፋለሁ። አሸዋ እነሰንስበታለሁ። ከዚያ ቦሌ ቡልቡላ ለኮንዶሚኒየም መሠረት ከሚቆፈረው ቀይ አፈር በእንቁላል አስኳል በጥብጬ፣ የጥንት ሰዎች ዋሻ ግድግዳ ላይ ይሥሏቸው የነበሩትን ቀንዳቸው የረዘመ ላሞች እሥልበታለሁ። ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ቁርጥ ድንጋይ ይሆናል። ቀዶ ሕክምናውን ለሚያደርግለት ሐኪም ስጦታ ብዬ አንዱን ያስያዝኩት እኔው ነኝ። አባዬ ሊያየውም አልፈለገም ነበር፤ ምሕንድስና ተምሬ ወረቀት ስለጥፍ መዋሌ ያንገበግበዋል።

ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ጥርቅም ብሏል። ሾፌሩን ባጣድፈው «እህቴ፣ ክንፍ ላውጣ እንዴ?» አለኝ።

ኤርፖርት ስደርስ አንድ ጥበቃ ወደ ውስጥ ወሰደኝ። አባዬ ከንፈሩ ገርጥቶ ወንበር ላይ ኩርምት ብሏል። ላሞቼ ጠረጴዛ ላይ ተጋድመዋል፤ አጠገባቸው ጓንት ያጠለቀች ተቆጣጣሪ ቆማለች።

«ወረቀት ነው!» አልኳት ሰላም እንኳ ሳልላት። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«አባትሽ ግን ከቅድመ አያቶቼ የወረደ ጥንታዊ ዕቃ ነው ብለዋል።»

ዞሬ አየሁት። አቀርቅሯል። ልጄ ወረቀት ትለጥፋለች ከማለት ያንን መረጠ፤ አፍሮብኛል። እንደዚያ ፈርቼ እንኳ ተናደድኩበት።

ስሠራ የተነሳሁትን ፎቶ ከስልኬ አሳየኋት።

«ፎቶው ላይ ያለው ቅጂው ሊሆን ይችላል» አለች። «የቅርስ መርማሪው ነገ ጠዋት ነው የሚገባው።»

«ነገ ጠዋት እሱ ሆስፒታል መተኛት አለበት!»

«ይገባኛል እህቴ። ግን የራሳቸው ቃል ነው፣ ተመዝግቧል።»

«እንግዲያው ልቅደደውና ውስጡን እዪው።»

«ቅርስ ሆኖ ቢገኝ ማበላሸቱም ያሳስራል። አስቢበት።»

ጋዜጣውን የወቀጥኩት እኔ ሆኜ ሳለ፣ ድንጋይ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ፍርሃት እንዲህ ያጃጅላል። ስምንት ከሩብ ሆኗል። አባዬን ላብ አጥምቆታል። ጠርዙን ጨብጬ አነሳሁት።

«ተይ!» ብሎ አባዬ ብድግ አለ። ልቡ ቀጥ ያለች መስሎኝ ጮህኩ። እሱ ግን ወደ ተቆጣጣሪዋ ሄደ።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። የልጄ ሥራ ነው፤ አፍሬ ነው። እኔን እሰሩኝ፣ እሷን አታስቀድዷት።»

«አባቴ፣ አሁን ቃልዎን ቢቀይሩ እንዴት ልመንዎት?»

ሥዕሉን ጉልበቴ ላይ ሰበርኩት። ከቀዩ አፈር ሥር የተወቀጠ ደረቅ ጋዜጣ ተገመሰ፤ ሳይላም በቀረ ቁራጭ ላይ የእግር ኳስ ውጤት ይነበባል። ሴትየዋ በጣቷ ፈረፈረችው፣ አነበበችው፣ ጓንቷን አወለቀች።

«ይሂዱ አባቴ፣ ቶሎ ይሂዱ። ይማርዎት።»

አባዬ አልሄደም። ጎንበስ ብሎ አንዲት ግማሽ ላም ከወለሉ አነሳ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ጣለው አባዬ፣ በናትህ! ስትመለስ ሙሉውን እሠራልሃለሁ።»

«ካልተመለስኩስ?» አለና ቁራጩን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ወደ መሳፈሪያው በር ሄደ።