ግራና አይሰጥም

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ሻይ በዳቦ ቀምሼ፣ ቤቱን ቆልፌ ወጣሁ። ወልዲያ ጠዋት ስለሚበርድ የባለቤቴን ጃኬት ደርቤያለሁ። መነኻሪያው ውስጥ «መርሳ፣ መርሳ፣ አንድ ሰው!» የሚለው ረዳት አንዱ ሰው ገብቶ ከተቀመጠም በኋላ «አንድ ሰው!» ይል ነበር። መርሳ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለኝ። ጃኬቱን አውልቄ ክንዴ ላይ ጣል አደረግኩና ባጃጅ ይዤ ወደ ግራና ሄድኩ።

ሥራዬ በሀብሩ ወረዳ ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ የልጆችን የአእምሮ ጤና መከታተል ነው። ማክሰኞ የግራና ተራ ነው። መጀመሪያ በተሰጠኝ ክፍል በር ላይ «የአእምሮ ጤና» ተብሎ በትልቁ ስለተጻፈ ደፍሮ የሚገባ ልጅ ጠፋ። እዚያ የታየ እብድ ሊባል ነዋ። ስለዚህ አግዳሚ ወንበሩን አስወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጥኩ።

ሲቲ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤቷ ጎረቤት እስኪሰማ ታወራለች። የትምህርት ቤቱን በር ካለፈች በኋላ ግን ድምፅዋን የሰማ የለም። ትምህርት ከጀመረች አንስቶ እንዲሁ ናት። አንዱ ጦርነቱ ነው ይላል፣ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው ይላል። እኔ የማውቀው እምቢ ብላ ሳይሆን አቅቷት እንደሆነ ነው። የምትፈልገውን በአክስቷ ልጅ በከድጃ ጆሮ ትንሾካሾካለች፤ ከድጃ ትናገርላታለች።

በዚያው ጠዋት አባቷ አቶ አብዱልሐሊም በር ላይ ጠበቁኝ።

«እትዬ ውባለም፣ የሚቀጥለው ማክሰኞ የንባብ ፈተና ነው አሉ። ድምፅ አውጥታ ካላነበበች ከዚያ ወዲያ ቤቷ ትቀመጥ። ልጄ የሰው መሳቂያ ስትሆን ማየት አልችልም።»

«ትንሽ ይታገሱን።»

«ኢንሻ አላህ» አሉ፣ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው።

በዕረፍት ሰዓት ሲቲ ከከድጃና ከክፍል ጓደኛቸው ከልዑል ጋር ማንጎው ሥር መጣች። ስለ ፈተናው አላነሳሁም። እንጫወት አልኳቸው።

«እንቆቅልሽ!» አለ ልዑል።

«ምን አውቅልህ!»

«ሲወለድ አረንጓዴ፣ ሲያረጅ ቢጫ፣ ሆዱ ውስጥ አንድ ድንጋይ።»

«ብርቱካን» አልኩ።

ልጆቹ ተያዩ። ማንጎው ልክ ከራሴ በላይ ተንዠርግጓል።

«አላወቁትም! አገር ይስጡን!»

ደንቡ ይህ ነው፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ አሸናፊው ያንን አገር ገብቶ እየበላና እየጠጣ ተሸናፊውን ይሰድባል። መርሳን ሰጠሁ።

«መርሳ ገብቼ፣ መርሳ ገብቼ...» ልዑል ቆመ። «ትልቅ ሰው ግን ይሰደባል እንዴ?»

«ጨዋታ ነው፣ ስደበኝ።»

ከድጃ ቀደመችው። «መርሳ ገብቼ፣ ሙዝ ገምጬ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠጥቼ፣ እርስዎን ባጃጅ አምልጦዎት ጃኬትዎን እያውለበለቡ ሲሮጡ አየሁዎት!»

ሲቲ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቋ ግን ድምፅ አልነበረውም።

ቀጥሎም ተሸነፍኩ። ሐራ ሄደች፣ ደሴ ሄደች። ሆን ብዬ የተሸነፍኩ ብመስል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን መልሶቹን አላውቃቸውም ነበር።

«ወልዲያ ቀርታለች» አለ ልዑል፣ እጁን ዘርግቶ።

«ወልዲያ አትሰጥም።»

«ለምን?»

«ቤቴ ያለው እዚያ ነዋ። በቃ፣ ግራናን ውሰዱ።»

«ግራናማ አይሰጥም!»

ሲቲ ነበረች። ከመቀመጫዋ ተነስታ ቆማለች። «ግራና የእኛ ነው! የራስዎን ወልዲያ ደብቀው የሰው አገር ይሰጣሉ?»

ከድጃ አፏን ከፍታ ቀረች። ልዑል ሊጮህ ሲል በዓይኔ ያዝኩት። እንዲህ ያለች ልጅ ስትናገር ግር ግር ማለት መልሶ ዝም ያሰኛታል። ስለዚህ በየቀኑ እንደምንጨቃጨቅ ሰው መለስኩላት።

«ልክ ነሽ፣ የሰው አገር አይሰጥም። በይ ያንቺ ተራ ነው፣ ጠይቂኝ።»

«እንቆቅልሽ!» አለች።

ደወል እስኪደወል ድረስ ሦስቱም ዘረፉኝ።

ወደ ክፍል መምህራቸው ወደ መምህር ኢዘዲን ሄጄ፣ ሲቲ የምትፈተነው ማንጎው ሥር፣ ከሁለቱ ልጆች ጋር እንዲሆን ለመንኩት።

«ፈተና ዛፍ ሥር?» አለ። «ይሁን፣ ማንጎው እስካላነበበላት ድረስ።»

በፈተናው ዕለት ከድጃና ልዑል አንብበው ተራው ለሲቲ ደረሰ። መጽሐፉን ይዛ ቆየች። ከድጃ ጆሮዋን ልትሰጣት ጠጋ አለች፤ ሲቲ በክርኗ መለሰቻት። የመጀመሪያው መስመር ለእኛ ብቻ የሚሰማ ነበር። ሁለተኛው መምህሩ ጋ ደረሰ። ገጹ መሐል ስትደርስ የበሩ ዘበኛ ዞር ብሎ አየ።

«አልሐምዱሊላህ!» የሚል ጩኸት ከአጥሩ ውጭ ተሰማ። አቶ አብዱልሐሊም አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። «ድገሚው ሲቲዬ! እናትሽ ቤት ሆና ትስማው!»

«አባ፣ ፈተና ላይ ነኝ!» ብላ ጮኸችባቸው።

መምህር ኢዘዲን እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሲቲን ዝም ማሰኘት የእሱ ጭንቀት ሆነ።

ልሄድ ስነሳ ሲቲ መንገድ ዘጋችብኝ። «እንቆቅልሽ! አፍ የለው፣ ጠዋት ጠዋት ሁላችንንም ይጠራናል።»

የትምህርት ቤቱ ደወል እንደሆነ አውቄያለሁ። «አላውቀውም» አልኳት። «ወልዲያን ሰጠሁሽ።»

ዓይኗ በራ። «ወልዲያ ገብቼ፣ ቤትዎ ድረስ ሄጄ፣ በሩን ሳንኳኳ ባለቤትዎ ከፍተውልኝ፣ ምሳዎን ጥርግ አድርጌ በልቼ፣ እርስዎ ሲመጡ ሳህን አስላስኩዎት!»

ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

አቶ አብዱልሐሊም በላስቲክ ሞልተው የሰጡኝን ማንጎ ይዤ ሲመሻሽ ወልዲያ ገባሁ። ብርዱ ስለጀመረ ጃኬቱን ለብሻለሁ። ደጄ ስደርስ ማንጎውን መሬት አስቀምጬ ቁልፉን ከኪሱ አወጣሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በሩን ከውስጥ የሚከፍትልኝ ሰው የለም።