አረንጓዴ ናስትሮ ያለበት ገመድ

በእኛ የትንንሽ ባቡሮች ማኅበር አንድ ልማድ አለ። ሰው በእጁ የሠራውን ገመድ ጫፉ ላይ የራሱን ቀለም ናስትሮ ይጠመጥምበታል። የእኔ አረንጓዴ ነው። የጓደኛዬ የቤቨን ሰማያዊ ነበር። የግሌኒስ ቢጫ ነው፤ እሷ እንኳ ሁለት ገመድ ሠርታ "ኬክ መጋገር ይሻለኛል" ብላ ትታዋለች። ልማዱ ለኩራት የመጣ አይደለም። አንድ ነገር ሲበላሽ ማን ዘንድ እንደሚወሰድ ለማወቅ ነው። እኔ ግን ኩራት አደረግሁት፤ የምነግራችሁም እሱን ነው።

ከሲድኒ በስተሰሜን ያለችው የእኛ ዌሪስ ክሪክ ባቡር የሠራት ከተማ ናት። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ከትምህርት ቤት ወጥቼ አርባ አንድ ዓመት በሐዲዱ ዳር የምልክት ሽቦ ስስብ ኖርኩ። ቤቨን ሆስኪን ደግሞ ባቡር ነጂ ነበር፤ በከሰል አካፋ ጀምሮ በናፍጣ ጨረሰ። ጡረታ ስንወጣ ሁለታችንም ቤት መቀመጥ አልሆንልን አለ። ከሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች ጋር ሆነን ከወፍጮው ጀርባ ያለውን አሮጌ አዳራሽ ያዝንና አሥራ አንድ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ትንሽ የባቡር አገር ሠራን። ተራራው ጄሶ ነው፣ የስንዴው ጎተራ የቀለም ቆርቆሮ ነው፣ ባቡሮቹ ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። በየቅዳሜው እዚያ ነን።

ሐዲዳችን ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ለየክፍሉ ኮረንቲ የሚሰጥ አንድ አንድ ሳጥን አለ፤ ሳጥኖቹን የሠራ ቤቨን ነው። ከዋናው መቆጣጠሪያ ወደ ሳጥኖቹና በጠረጴዛው ዙሪያ ወዳሉት የእጅ መቆጣጠሪያዎች የሚሄዱትን ገመዶች የሠራሁ እኔ ነኝ። ገመዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ስድስት ቀጫጭን ሽቦ ጎን ለጎን ተኝተውበታል። በሁለቱም ጫፍ እንደ ስልክ ገመድ ያለ ትንሽ ፕላግ ይገባና በፒንሳ ይጨመቃል። ያለችው ጥበብ አንዲት ናት፦ የፕላጉ ምላስ በሁለቱም ጫፍ በገመዱ በአንድ ወገን መዋል አለበት። አንዱ ከተገለበጠ ሽቦዎቹ በተቃራኒ ተራ ይቆማሉ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ግሌኒስ ገና ሲጀመር ነግራኛለች።

"ሲድኒ ያለው ሱቅ ተሠርቶ የተፈተሸ ገመድ ይልካል። እናስመጣና ዓይንህን አሳርፍ።"

"የተጋገረ ኬክም ሱቅ አለ እኮ ግሌኒስ። አንቺስ ለምን ትለፊያለሽ?"

"ኬኬ ሲቃጠል ይሸታል። የአንተ ገመድ ሲቃጠል በምን አውቃለሁ?"

ሰው ሁሉ ሳቀባት፤ እኔም ሳቅሁ። በሁለት ቅዳሜ አሥራ ስምንት ገመድ ሠራሁ። መፈተሻዬ አንድ የባትሪ ድንጋይና አንዲት ትንሽ አምፖል ነበረች፣ ከሥራ ቤት ጀምሮ የማውቃት። ነጩን ሽቦ ከነጩ አገናኛለሁ፣ ትበራለች። ጥቁሩን ከጥቁሩ፣ ትበራለች። ስድስቱም ከበሩ አረንጓዴውን ናስትሮ እጠመጥማለሁ። አምፖል ግን ሽቦው እንዳልተቆረጠ ነው እንጂ በስንተኛው ተራ እንደቆመ አይናገርም። አርባ አንድ ዓመት ሽቦ ስስብ ይህን የማውቀው ይመስላችኋል። አውቀው ነበር። ግን እጄን አመንኩ።

በጥቅምቱ ረጅም የዕረፍት ቀናት ታምዎርዝ ከተማ ላይ የትንንሽ ባቡሮች ትርኢት አለ። ጠረጴዛችንን በአራት ፈታትተን ጭነን ሄድን፤ በአዲሶቹ ገመዶች ባቡር ከክፍል ወደ ክፍል ገና አላሳለፍንም ነበር። ሕዝቡ ዳቦ ውስጥ የገባ ቋሊማውን ይዞ በገመዱ አጥር ዙሪያ ቆሟል። ቤቨን ሠላሳ ፉርጎ ስንዴ የጫነውን ባቡር ከምሥራቅ ጀምሮ ይነዳል። አነዳዱ ያምር ነበር፤ ያቺን የአውራ ጣት ባቡር ልክ እንደ እውነተኛው ቀስ አድርጎ ነበር የሚያስነሣት። ድልድዩ ላይ፣ ሁለቱ ክፍሎች በሚገናኙበት ቦታ፣ የፊቱ ጎማ ምዕራብን እንደነካ ኮንታክት ሆነ። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ፤ ምልክቱም፣ የጣቢያው መብራትም። እንደገና አስነሣ። እንደገና ቀጥ። እኛን ሊያይ የመጣው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሄደ።

ቤቨን ካቻቢቴውን በጥርሱ ይዞ ከጠረጴዛው ሥር ወጣና ካቻቢቴውን አውጥቶ፣

"ዳርሲ፣ ወደ ምዕራቡ ሳጥን የሚሄደውን ገመድ አንዴ እንየው እስቲ" አለኝ። በዝግታ ነው ያለው፣ ሰው እንዳይሰማ።

እኔ ግን ሰው እንዲሰማ መለስኩለት። "አንተ ቤቨን፣ አንተ ከሰል ስትዝቅ እኔ ሽቦ እስብ ነበር። ገመዴን ተወውና ሳጥንህን ክፈት።"

ጓደኞቻችን ሳቁ። ቤቨንም ትንሽ ሳቀ። "እሺ አለቃ" አለና ተመልሶ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ገመዱን ቀይሮ ለማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ ትርፍ ገመድ ከእግሬ ሥር ነበረ። ግን እኔ ያንን ከተናገርኩ በኋላ ማን ይንካው?

ቤቨን የምዕራቡን ሳጥን ቤቱ ወሰደው። በገና ሰሞን በዚያ ሙቀት፣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ በሚግልበት ጋራዡ ውስጥ፣ ፈትቶ ገጠመው። በየካቲት አመጣው፤ ባቡሩ ድልድዩ ላይ ቆመ። እንደገና ወሰደው። በመጋቢት ደግሞ አመጣው፤ ቆመ። ያን ቀን የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀለ።

"እጄ እንደ ድሮው አይደለም ዳርሲ። ጭንቅላቴም መሰለኝ።"

"ምን ታደርገዋለህ፣ ሁላችንም እያረጀን ነው" አልኩት።

ለማጽናናት ነው ያልኩት። ልጆቼ፣ ከስድቤ ይልቅ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይሄ ማጽናናቴ ነው።

ከዚያ ማኅበሩ አዲስ ሳጥኖች ገዛ፤ የራሳቸው ገመድ አብሯቸው መጣ። ባቡሩ ድልድዩን ዝም ብሎ ተሻገረ። "ሳጥኑ ኖሯል ለካ" ተባለ። አሮጌ ሳጥኖቹን በመኪናዬ ጭኜ ወስጄ የከተማው ቆሻሻ መጣያ የወረወርኩ እኔው ነኝ። አሮጌ ገመዶቹን ግን አልጣልኩም፤ የራሴ እጅ ነዋ። ካርቶን ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኳቸው። ቤቨን ቤትም መሄድ እያደር ቀረ። መጀመሪያ "አሳፍረዋለሁ" ብዬ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስላለፈ።

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ባለፈው መጸው ግሌኒስ አንዲት የገመድ መፈተሻ ገዝታ መጣች። ሁለቱን የገመድ ጫፍ ስትሰኩባት በሁለት ረድፍ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ታበራለች።

"ያችን አምፖልህን ፍታት እንግዲህ፣ አርባ ዓመት ይበቃል" አለችኝ።

ካርቶኑን አወረድኩና አሮጌዎቹን አንድ በአንድ ሰካሁ። አንድ ሲበራ በዚያም አንድ፣ ሁለት ሲበራ ሁለት። አሥራ ስድስቱ እንዲህ ደህና ነበሩ። አሥራ ሰባተኛው ረጅም ነው፤ በገዛ እጄ በእስክሪብቶ "ምዕራብ" ብዬ ጽፌበታለሁ። አንድ ሲበራ በዚያ በኩል ስድስት በራ። ሁለት ሲል አምስት። ገልብጬ እንደገና ሰካሁት። ያው ነው። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ናስትሮ አለ።

የወተት ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩ።

"ምን ሆንክ? ፊትህ ነጣ።"

"የምዕራቡ ገመድ ነው ግሌኒስ። የተገለበጠ ነው።"

"ታዲያ የእጅ መቆጣጠሪያዎቹ እንዴት ይሠሩ ነበር?"

"የእነሱ ሌላ ገመድ ነው። ቢሆንም ተገልብጦም ይሠራላቸዋል። መቆጣጠሪያዎቹን የሚያነጋግሩት የመካከሎቹ ሽቦዎች መንታ ናቸው፣ ቢገለበጡም ያው ናቸው። ለሳጥኑ የሚሄዱት የዳር የዳሮቹ ሁለቱ ግን ቦታ ይለዋወጣሉ። ምዕራቡ ከምሥራቁ በተቃራኒ ይሆናል፤ ባቡሩ ሁለቱን ሲረግጥ ይጣላሉ።"

መፈተሻዋን አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ "ሂድ ንገረው" አለች።

"ከአራት ዓመት በኋላ?"

"አምስት እስኪሞላ ልትጠብቅ ነው?"

በማግስቱ ገመዱንና መፈተሻውን ይዤ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ኖርማ ናት።

"ዳርሲ። ቤቱ የጠፋብህ መስሎኝ ነበር።"

"እኔ ነኝ የጠፋሁት ኖርማ።"

"ጋራዥ ነው ያለው። እግርህን ጥረግ።"

ያንን ጋራዥ አውቀዋለሁ። የቤቨን የግሉ ሐዲድ በግድግዳው ዙሪያ ይሄድ ነበር፤ ሃያ ዓመት የለፋበት። አሁን ሐዲድ የለም። ጠረጴዛው ላይ በእርጎ ቆርቆሮ የተተከሉ የቲማቲም ችግኞች ተደርድረዋል። ቤቨን ውኃ ያጠጣል።

"ባቡሮቹስ?"

"ደቦ ከምትባለው ከተማ ለመጣ ሰው ሰጠኋቸው። ደግ ሰው ነው፣ ተጠንቅቆ ነው የጫናቸው።" የውኃ ማጠጫውን አስቀመጠ። "መኪናም ትቻለሁ። ኖርማ ናት የምትነዳኝ፤ ለኔ ብላ አይደለም፣ ጎረቤት እንዲያይ ነው።"

"መኪና ለምን ተውክ?"

"አንዲት ሳጥን ሁለቴ ፈትቼ ገጥሜ ካልሠራችልኝ፣ መንገድ ላይ ሰው ብገድልስ ዳርሲ?"

ከዚህ በኋላ እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም። ተናገርኩ ብቻ። መፈተሻውን ከችግኞቹ መካከል አስቀምጬ ሰካሁለት። አንድ። ስድስት። ሁለት። አምስት። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ጫፉን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየ።

"አረንጓዴ" አለ።

"አረንጓዴ" አልኩ።

"ያን ቀን ጠርጥሬ ነበር።"

"ታዲያ ቤትህ ወስደህ በሌላ ገመድ ለምን አልሞከርከውም?"

"አይደለም አልከኝ እኮ።" እንደሚያስረዳኝ ሆኖ ነው ያለው፣ ያለ ቁጣ። "ከራሴ ይልቅ አንተን አመንኩ።"

የቀረውን የገመድ ጫፍ ከመፈተሻው ነቀልኩ።

"ሳጥኔስ?" አለ። "አምጣልኝ። በደህና ገመድ ልየው።"

"ጣልኩት ቤቨን። በእጄ ነው የጣልኩት።"

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መሳቢያ ሳበ። ፒንሳው አለ፤ አንዲት አሮጌ ፕላግም ከሚስማር ጋር ተቀላቅላ ተገኘች። የተገለበጠውን ጫፍ ቆረጠ፣ ልባሱን ገፈፈ፣ ምላሱን ከወዲያኛው ጫፍ ጋር አስተያየ፣ ሽቦዎቹን አስገባ፣ ጨመቀ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። እጁ አልተንቀጠቀጠም። እጁ አንድም ቀን አልደከመም ነበር።

ሰካው። አንድ፣ አንድ። ሁለት፣ ሁለት። እስከ ስድስት።

መሳቢያውን ደግሞ በረበረና ሰማያዊ ናስትሮ አወጣ። ጫፉን በጥፍሩ ሲያነሣው ተሰባበረ፤ ሙጫው ሞቷል። "ደርቋል" አለና መልሶ ጣለው። ገመዱን ጠቅልሎ ሰጠኝ።

"ቅዳሜ ና" አልኩት።

"ቅዳሜ ቲማቲሙ አለ።"

"ቲማቲም ቅዳሜ ምን ይሆናል?"

"ምንም አይሆንም።" ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን አብሮት አልመጣም። "ይልቅ ለነዚያ ንገራቸው። ያን ቀን ለሳቁት።"

ቅዳሜ ሻይ ሲቀዳ ተነሥቼ ነገርኳቸው። ያን ቀን ከሳቁት ሁለቱ ሞተዋል፤ አንዱ ልጁ ዘንድ ኩዊንስላንድ ሄዷል። የቀረው ሊንዚ ብቻ ነው፤ እሱም ጆሮው አይሰማም።

"ምን አለ?" ብሎ ግሌኒስን ጠየቃት።

"ሳጥኑ አልነበረም ነው የሚለው" ብላ ጆሮው ሥር ጮኸች። "ገመዱ ነው።"

"የማን ገመድ?"

"የሱ።"

ሊንዚ ኩባያውን አስቀመጠ። "ቤቨን አውቋል?"

"አውቋል" አልኩት፤ ጮክ ብዬ።

"ታዲያ የት አለ?"

ያችን ገመድ ከዋናው መቆጣጠሪያ ወደ ምዕራብ ዘረጋኋት፤ ዛሬም የምትሠራው እሷ ናት። በአንድ ጫፏ አረንጓዴ አለ። ሌላው ጫፏ ባዶ ነው። አዲስ ሰማያዊ ናስትሮ ገዝቼ፣ የቤቨን ቁልፍ ከተሰቀለበት ሚስማር ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እኔ አልጠመጥመውም፤ የሰው ቀለም የሚጠመጥመው ራሱ ባለቤቱ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ቤቨን ዘንድ እሄዳለሁ፣ ቲማቲም አብረን እናጠጣለን፣ ስለ ባቡር አናወራም። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን ስከፍት ግን መጀመሪያ የማየው ያንን ሰማያዊ ጥቅል ነው። እስካሁን አልተነካም።