የአራተኛው ደቂቃ ሲጢጥታ

አናጢው እሁድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ የሚከፍተው ለሙዚቃው ብሎ አይደለም፤ የገዛ እጁ ሥራ አሳጥቶት እንደሆነ ለማጣራት ነው። በሙዚቃ መቅጃው አዳራሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበሩንም መድረኩንም የኖታ ማቆሚያውንም የሚሠራውና የሚጠግነው እሱ ነው። በዚያ ቤት ጥሩ አናጢ ማለት ሥራው የማይሰማ ነው። ዓይን ያየውን እንከን ቀለም ይሸፍነዋል፤ ማይክሮፎን የሰማውን ግን ማንም አይሸፍነው።

አንድ ጊዜ ተሰምቶበታል። ባለፈው ዓመት ፍሉት ሲቀዳ፣ እሱ የሰቀለው መደርደሪያ ከነሸክሙ ወረደ። ፍሉት ነፊው ከድንጋጤው ብዛት የያዛትን ኖታ መልቀቅ አቅቶት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነፋት፤ ሐኪም መጥቶ ነው ያስለቀቀው። ይህን ያላመነ የጥበቃውን ሰውዬ ይጠይቅ። ያን ቀን ሥራ አስኪያጁ አናጢውን አስጠርቶ «ጋሼ» አለው። ሥራ አስኪያጁ በደህና ቀን ማንንም ጋሼ አይልም፤ ጋሼ ካለ መዘዝ አለ።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ዕቃ አንድ ድምፅ ደግሞ ብሰማ መሰነባበታችን ነው።»

እንግዲህ በሬዲዮ አንድ ዝግጅት አለ። አዘጋጁ አዲስ የተቀዳ ክላሲካል ሙዚቃ ያሰማና በሳምንቱ አድማጮች ስለሱ የጻፉትን ያነባል። የዚያን ሰሞን ቅጂ የእትዬ ፒያኖ ነበር። እትዬ ፒያኖ አዳራሹ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያ የሚጫወቱ፣ እውነተኛ ስማቸውን ሁሉም ረስቶት በዚሁ የሚጠራቸው፣ ጀርባቸው እንደ ማስመሪያ የቀና አሮጊት ናቸው። ሙዚቃው ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሐዘን የተጫነው ነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ ጣቶቻቸው ቆም ይላሉ፣ ሁሉም ነገር ጭጭ ይላል። በዚያ ጭጭታ መሐል፣ ሲጢጥ።

አናጢው ወደ አፉ ያስጠጋውን ብርጭቆ መለሰ። ሲጢጥ ያለው የፒያኖው ወንበር ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? መድረኩ ላይ የነበሩት ፒያኖው፣ ወንበሩና እትዬ ብቻ ናቸው። ፒያኖ ሲጢጥ አይልም፣ እትዬም ሰው ናቸው። ወንበሩን ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ፈቶ የገጠመው እሱ ራሱ ነው። ባለቤቱ ምን ሆንክ ብትለው ትን አለኝ አላት፤ ሳይጠጣ ትን ማለቱን እሷም በልቧ ያዘችለት።

በሳምንቱ ደብዳቤዎቹ ተነበቡ። አንዲት አስተማሪ ያቺ ድምፅ ነፍስ በሯን ቀስ አድርጋ ስትዘጋ ትመስላለች አለች። አንድ የባንክ ሠራተኛ አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቷት አሥራ አንዴም እንዳለቀሰ፣ ሚስቱም ታክቷት እናቷ ቤት እንደሄደች አስታወቀ። አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ ደንበኛው በሲጢጥታው ልቡ ተነክቶ ራሱን ሲነቀንቅ ግማሽ ጢሙን እንዳጣ፣ ግን ቅር እንዳላለው ጻፈ። መጨረሻ ላይ «ጡረተኛው» ብሎ የሚፈርም፣ አዘጋጁ ሁልጊዜ እየሳቀ የሚያነበው ሰው በሁለት መስመር ጨረሰው፦ «ሙዚቃው ደህና ነው። ያቺ ሲጢጥ የምትለዋ ግን እጄ ላይ ብትወድቅ በሁለት ሳምንት ዝም አሰኛታለሁ።»

አናጢው አንዱንም አላመነም። ሰው እንዴት ለወንበር ያለቅሳል? ይህ ሁሉ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ተቀምጦ የጻፈው ወጥመድ ነው፤ እሱን አስቆ፣ አሞኝቶ፣ በራሱ አፍ ሊያናዝዘው። ጡረተኛው የሚሉት ደግሞ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተው አናጢ መሆን አለበት። ቦታዬን ሊወስድ ነው፣ ያውም በሁለት ሳምንት። ሰኞ ጠዋት ያ አናጢ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ እንደምን አደርክ ሲለው፣ የኛ ሰው ያችን ሰላምታ ቀኑን ሙሉ ሲያላምጣት ዋለ። ከመቼ ወዲህ ነው ማደሬ ያሳሰበው?

በዚያው ቀን ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ወሰደው። አሥራ አራቱን ቪቴ ፈታ፣ ኮላውን ፋቀ፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ጆሮው ላይ አስደግፎ ነቀነቀ። ምንም የለም። ገጠመውና ራሱ ተቀመጠበት፤ ዝም። ባለቤቱን ለምኖ አስቀመጣት። እሷ ስትቀመጥ የጎረቤት ድመት እንኳ ቦታ የምትለቅላት ሴት ናት፤ ወንበሩ ግን ትንፍሽ አላለም። ስትወዛወዝበት ቆይታ፣ የማን ወንበር ቢሆን ነው እንዲህ የምትንሰፈሰፍለት ብላ ጠየቀችው። የእትዬ ፒያኖ ቢላት፣ ስንት ዓመታቸው ነው አለች።

ረቡዕ ጠዋት ወንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ከመድረኩ ኋላ ሦስት ደረጃዎች አሉ። እትዬ ፒያኖ ከፊቱ ቀድመው የመጀመሪያውን ደረጃ ሲረግጡ፣ ሲጢጥ።

አናጢው ባለበት ደረቀ። ወንበሩ ትከሻው ላይ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠውና ትንፋሹን ዋጠ። እትዬ ሁለተኛውን ደረጃ ወጡ፤ ሲጢጥ። ሦስተኛውን ከመውጣታቸው በፊት ቆሙ።

«ሰምተሃል» አሉ ሳይዞሩ።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አታላግጥብኝ። ደብዳቤውንም የጻፍከው አንተ ነህ። ጡረተኛው የምትለው።»

እሱ ጡረታ ለመውጣት አሥር ዓመት እንደሚቀረው፣ ደብዳቤ መጻፍም እንደማይሆንለት ማለላቸው። ደረጃው ላይ ተቀመጡና ቀኝ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ነው አሉ። እግራቸውን ከፒያኖው ፔዳል ላይ ሲያነሱ ይጮሃል። አድማጮቹ ሁሉ ያወቁባቸው፣ ነፍስ በሯን ስትዘጋ የሚለውም አሽሙር መስሏቸው ነበር። አናጢው መድረኩ ሥር ጆሮውን አቁሞ ሲንጎራደድ ባዩት ቁጥር፣ ሥራ አስኪያጁ የላከባቸው ሰላይ ነው ብለው ጠርጥረውታል።

«ጉልበቴ መሆኑን ካወቀ፣ የሚቀጥለውን ቅጂ ለዚያች ለአዲሷ ፒያኖ ተጫዋች ልጅ ነው የሚሰጣት። ጣቶችሽስ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አረጀች ብሎ ይጨርሰዋል።»

አናጢው መጀመሪያ ሊዘል ቃጣው። ወንበሩ ንጹሕ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የበላበት እጁ አላሳፈረውም። ደስታው ግን ወንበሩን ከመሬት እስኪያነሳ እንኳ አልቆየለትም። ወንበሩን ነጻ ለማውጣት የእትዬን ጉልበት መክሰስ ነበረበት።

ቀትር ላይ ተጠራ። መላጊያውንና መዶሻውን አስቀድሞ ቦርሳው ውስጥ ከተታቸውና፣ ቦርሳውን ቢሮው በር ላይ አስቀምጦ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን መሐል ወለል ላይ አስቀምጦታል፤ ጠረጴዛው በደብዳቤ ተሞልቷል።

«ጋሼ፣ በአምላክ ስም ልጠይቅዎት። ሲጢጥ ያለው ይህ ወንበር ነው?»

አናጢው በሩ ላይ ወዳለው ቦርሳ አየት አደረገ። «እሱ ነው» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ። ዝም። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ ታዲያ ለእኔ ምን ነክቶት ዝም አለ ብሎ ጠየቀ። አናጢው ከዚህ ወዲያ የሚያጣው ነገር አልነበረምና ምላሱን ለቀቃት። እንጨቱ ከወንዝ ዳር የተቆረጠ ነው፤ ሰማንያ ዓመት ያደገው እንቁራሪት እየጮኸበት ነው፤ ስለዚህ ሐዘን ያለበት ሙዚቃ ካልሰማ አይተነፍስም አለ።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶ አውጥቶ ወንዝ፣ እንቁራሪት እያለ ጻፈ። ለካ ደብዳቤዎቹ እውነተኛ ኖረዋል። አድማጩ በሙሉ የሚቀጥለውም ቅጂ ሲጢጥታዋ እንድትኖረው ይጠይቃል። እንዳትጠግነው አለው፤ ጋሼም አላለው። ሁለተኛው ቅጂ ላይ ካልጮኸ ግን ያኔ እንነጋገራለን ብሎ ሸኘው።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ሁለተኛው ቅጂ የተያዘው ለሙቀቱ ወራት ነው፤ በሙቀት የእትዬ ጉልበት አይጮህም። ዕድሜ ልኩን ዕቃ ዝም ሲያሰኝ የኖረ ሰው፣ የሚያወራ ወንበር ሊሠራ ተቀመጠ። ቪቴ አላላ፣ ኮላ ነሳው፣ ደረቅ ሽብልቅ ሸጎጠበት። የመጀመሪያው እንደ አህያ ጮኸ። ሁለተኛው እንደ ሕፃን አለቀሰና ባለቤቱ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። በአራተኛው ቀን ልከኛዋ ሲጢጥታ ወጣች፤ እትዬም አራተኛው ደቂቃ ላይ ደረታቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሲያደርጉ እንድትጮህላቸው ተለማመዱ።

ቅጂው ወጣ፣ ሬዲዮውም አሰማው። በሳምንቱ አስተማሪዋ ነፍሷ አሁንስ በሩን ከፈተችው አለች። የባንክ ሠራተኛው ሚስቱ ተመልሳ አብራው እንዳለቀሰች አበሰረ። አናጢው ተንፈስ ሲል አዘጋጁ መሳቅ ጀመረ፤ ጡረተኛው መሆኑ ነው።

«የመጀመሪያዋ የአጥንት ነበረች፤ የአሁኗ የእንጨት ናት። ሠላሳ ዓመት የኳስ ቡድን ወጌሻ ነበርኩ፣ ጉልበት ሲናገር አውቃለሁ። የቀኙ ነው። ባለቤቱ ከብርዱ በፊት ይምጣልኝ።» አዘጋጁ አድራሻውንም እየሳቀ አነበበው።

የአናጢው ባለቤት ሬዲዮውን ዝቅ አድርጋ፣ የማን ጉልበት ነው አለችው። እሱ በእጁ የነበረው የብርጭቆ ወረቀት ጀርባ ላይ አንዳች ነገር ይጭር ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ መድረኩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። «ጋሼ፣ ወንበር አጥንት አለው?» አናጢው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ደረቱን ወደ ኋላ ሰበቅ አደረገ። ሲጢጥ። ደግሞ፣ ሲጢጥ። ሥራ አስኪያጁ ግማሽ አምኖ፣ ግማሹን ይዞ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ ጉልበት እያየ ወደ ቢሮው ሄደ።

እትዬ ፒያኖ ሲመጡ ከመቀመጫው ሥር ካለው ሣጥን ኖታቸውን ሊያወጡ የወንበሩን ክዳን አነሱ። ውስጡ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት አለ፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ የወጌሻው አድራሻ። አነበቡት፣ አጠፉት፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የኖታ ማቆሚያውን ቪቴ የሚያጠብቀውን አናጢ ከላይ ሆነው አዩት።

«ይህ ጡረተኛ ግን» አሉ፣ «እውነት አንተ አይደለህም?»