የአዛናው እግርና ሁለቱ ጨዋ ሾፌሮች

በ1930 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ከመተማ ወደ ኮኪት በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ተጋጩ። ሜዳው ዐይን እስኪታክት የተዘረጋ ነው። በዚያ ቀን ከእነዚህ ሁለት በስተቀር በመንገዱ ላይ የሚንቀሳቀስ መኪና አልነበረም። ይህን ሰምቶ «ቆለኛ መኪና መንዳት የት ያውቃል» የሚል ደገኛ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው አፉን ይዝጋና ይስማ፤ ግጭቱን ያመጣው አለማወቅ ሳይሆን ጨዋነት ነው።

ከወሰኑ ማዶ እንግሊዝ በሚገዛው ሱዳን መኪና የሚሄደው በግራ ነው። በእኛ በኩል ጣሊያን ከገባ ጀምሮ የሚሄደው በቀኝ ነው። እነዚህ ሁለት መንግሥታት የሰው አገር ሲቃረጡ መንገድ ላይ በየት በኩል እንደሚሄዱ እንኳ አልተስማሙም። ከዚያ በኋላ ሥርዓት ልናስተምራችሁ መጣን ይሉናል።

ጀይሉ የገላባት ሰው ነው፤ የሱዳን ሎሪ ይነዳል። ኢሳ የመተማ ልጅ ሲሆን የአንድ ነጋዴ ካሚዮን ነጂ ነው። ሁለቱ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። ጀይሉ ወሰን ተሻግሮም የግራ ልማዱ እንደማይለቀው ኢሳ ያውቃል። ስለዚህ የወዳጁን ሎሪ ከሩቅ ሲያይ «እንግዳ ነው፣ አይቸገር፤ የሱን ደንብ ልያዝለት» ብሎ ወደ ግራው ወጣ። ጀይሉ ደግሞ ሁልጊዜ የሰው አገር ደንብ መጣሱ በዚያው ቀን አሳፍሮት «ዛሬስ የኢሳን አገር ላክብር» ብሎ ወደ ቀኙ ወጣ። እየተሳሳቁና እጃቸውን እያወዛወዙ መጥተው አፍንጫ ለአፍንጫ ተገናኙ።

ዝግ ብለው ይነዱ ስለነበር መኪኖቹ ብዙም አልተጎዱም። የተጎዳው በኢሳ ካሚዮን ጭነት ላይ የተሳፈረው ገበሬ አዛናው ነው። ከመተማ ገበያ አዳዲስ ማጭዶች ገዝቶ ሲመለስ ነበር። ከነማጭዶቹ ወደቀ፤ ስለቱ ባይነካውም ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

አዛናው የጮኸው ለእግሩ አልነበረም። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም፤ ደርሶ ሳይታጨድ ከሰነበተ አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፈዋል። የአዛናው ሰሊጥ ደርሷል። ሚስቱ ፋናዬ አራስ ናት። በየዓመቱ ለአጨዳ ይወርድ የነበረውን የደጋ ሰው ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ጠራርጎ ወስዶታል። በአገሩ የቀረው እጅ የአዛናው ብቻ ነበር፤ እሱም ቆሞ ካልሄደ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ በደረቱ እየተሳበ የሁለቱን ልብስ ጫፍ ያዘና «በሕግ አምላክ» አለ። ይህ ቃል ከተባለ ወዲያ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። የኢሳን ኩታ ከራሱ ኩታ ጋር ቋጠረ። ጀይሉ ኩታ ስላልነበረው ጥምጥሙን ፈትቶ ራሱ አቀበለው። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ እንዲህ ይቆራኛሉ። ፖሊስ ሳይጠብቅ፣ ሰንሰለት ሳያስፈልግ፣ በገዛ ቃሉ ታስሮ ዳኛ ፍለጋ የሚሄድ ሕዝብ ነው እንግዲህ ሕግ የለውም የተባለው።

ከሳሹ መሄድ ስላልቻለ ተከሳሾቹ ግራና ቀኝ ሆነው ተሸከሙት። እሱ ከመካከላቸው ሆኖ እየሰማ ከበላዩ ተጨቃጨቁ። ኢሳ ጀይሉን ግራህን ትተህ ማን ውጣ አለህ አለው። ጀይሉም ኢሳን የገዛ አገርህን ደንብ ናቅህ ብሎ ወቀሰው። አዛናው ቀስ ብላችሁ ተከራከሩ፣ እግሬን እየነቀነቃችሁት ነው አላቸው።

ከመንገዱ ዳር ግራር ጥላ ሥር አህዮቿን የምታሳርፍ የጨው ነጋዴ አገኙ፤ እትየ ሁሪያ ናት፤ በዕድሜ የገፋች፣ ገበያው ሁሉ የሚያውቃት። በሕግ አምላክ የተባለ መንገደኛ መዳኘት ግዴታው ነውና የሆነውን ሁሉ ነግረው ይዳኙን አሏት። ኢሳ ሴት እንዴት ትዳኛለች ብሎ አጉረመረመ። እሷ በዱላዋ ወደ መተማ በኩል ጠቆመች። አለነ የሚባለው የጣሊያን ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ በበቅሎ እየመጣ ነበር።

«ወንድ ከፈለግህ ያውልህ» አለችው። «ጉዳዩን ወደ ጌቶቹ ይወስድልሃል። መኪኖቹ ይታሰራሉ፣ ይህ እግሩ የተሰበረውም ምስክር ተብሎ ደጅ ይጠናል፣ ሰሊጡም ለወፍ ይሆናል።»

ኢሳ ወዲያው እጅ ነሥቶ ይዳኙን አለ።

ችሎቱ ተጀመረ። ኢሳ እንደ ጥንቱ ሙግት በበቅሎ ልወራረድ አለ፤ ጀይሉ በፈረስ ገጠመው። ከሁለቱ በቅሎም ፈረስም ያለው አልነበረም። ሁሪያ ሁለቱንም ዝም አሰኝታ የማሽላ አገዳ አስመጣችና የአዛናውን እግር በጀይሉ ጥምጥም ትርፍ ጫፍ አሰረችው። ከዚያ ምን ካሳ እንደሚፈልግ ጠየቀችው።

«እትየ፣ እግሬን ወጌሻ ያድነዋል» አለ አዛናው። «የረገፈ ሰሊጥ የሚያነሣ ወጌሻ ግን የለም። እኔ የምፈልገው እጅ ነው።»

«ሰማችሁ» አለች ሁሪያ። «እናንተ ጨዋዎች፣ አንዳችሁ ለሌላው ስትሳሱ መካከል ያለውን ሰው ሰበራችሁት። ጥፋቱ የሁለታችሁ ነው። ማጭዱን ያዙ፤ ማሳው ታጭዶ እስኪያልቅ የዚህ ሰው እጅና እግር እናንተ ናችሁ። ዋሳችሁ እኔ ነኝ፤ ብታሳፍሩኝ በገበያ መሐል እሰድባችኋለሁ።»

የሁሪያን ስድብ የሚያውቅ ሰው ከዚያ ወዲያ ይግባኝ አይልም። ቋጠሮው ተፈታ።

አለነ ሲደርስ አፍንጫ ለአፍንጫ የቆሙትን መኪኖች አየና ማን ማንን እንደከሰሰ ጠየቀ። አዛናው ከሳሽ የለም፣ ከጭነት ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ወደቅሁ አለው። አለነ ወደ መኪኖቹ ጠቆመ፦ «እነዚህስ?»

«ሰላምታ እየተሰጣጡ ነው» አለች ሁሪያ።

አለነ የጣሊያንን እንጀራ ቢበላም ከዚሁ አገር የበቀለ ነውና ሳቁን በጋቢው ሸፍኖ በቅሎውን አዞረ።

ሾፌሮቹ ለመኪኖቹ ባለቤቶች ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። ሲያጭዱ ግን ያየ ሁሉ መስክሯል። አዛናው እግሩ በወጌሻ ታስሮ ከማሳው ዳር በአልጋ ተጋድሞ ያዛል፤ ፋናዬ ሕፃኗን ታቅፋ ትስቃለች። ኢሳ ከአንድ ዳር ጀይሉ ከሌላው ዳር ጀምረው እያጨዱ፣ ነዶውን እንዲደርቅ እርስ በርሱ አስደግፈው ሂላ አድርገው እያቆሙ መሐል ላይ ተገናኙ። አንዲት ጭብጥ ሰሊጥ ቀረች።

ኢሳ ወዳጁን አንተ ጨርሰው አለው። ጀይሉ የለም፣ ያገሩ ባለቤት እያለህ አይሆንም አለ። ኢሳ እንግዳ ይቅደም አለ። ማጭዳቸውን ይዘው ሲገባበዙ ፀሐዩ ከረረ፤ ከአናቷ ያለው ፍሬ አፉን ሊከፍት ተሰነጠቀ።

አዛናው ከአልጋው ቀና አለ። «በሕግ አምላክ» አለ፣ «አንዳችሁ ባለጌ ሁኑ።»

ኢሳ ባለጌ ሆነና አጨዳት።