የአቶ ሽባባው ምስክርነት

ርብቃ የአቶ ሽባባውን ጀግንነት የምታውቀው በወሬ ነበር። ባድመ ግንባር ላይ፣ ጥይት እንደ በረዶ ሲወርድ፣ ሦስት ቁስለኛ ጓዶቻቸውን አንድ በአንድ ተሸክመው አውጥተዋል፤ በሦስተኛው ምልልስ እግራቸው ተመታ። ሜዳሊያ ተሸለሙ። እያነከሱ ሕግ ተምረው ቆሰበር ከተማ ላይ የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ። ኋላም የትውልድ ከተማቸው ሰው ለከተማው ምክር ቤት ሲመርጣቸው ቢሮውን ለረዳታቸው ለርብቃ ትተው ሄዱ።

እሳቸው በሄዱ በሦስተኛው ዓመት እማማ እታለማሁ የሚባሉ ባልቴት ወደ ርብቃ መጡ። ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክለው፣ ከሰል አክስለው ልጆች ያሳደጉበትን ማሳ ያው ምክር ቤት ለመጋዘን ሰጥቶባቸዋል። ጠርቶ የጠየቃቸው የለም። ርብቃ ክስ ልትመሠርት የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ስታገላብጥ ውሳኔውን ከደገፉት መሃል የአቶ ሽባባውን ስም አይታ ክው አለች። ደውላ ነገረቻቸው።

«ባለ መሬቷ ተስማምታለች ብለው ነበር ያቀረቡልን» አሉ አቶ ሽባባው። «ምስክር አድርጊና ጥሪኝ።»

ወንበርዎን ያጣሉ ብትላቸው አልሰሙም። እንግዲያው ሜዳሊያዎን አድርገው ይምጡ አለቻቸው። «ጥፋቴን ልናገር እኮ ነው የምመጣ» አሉና ስልኩን ዘጉ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። የምክር ቤቱ ጠበቃ፣ እርስዎስ እጅዎን አላወጡም ወይ ሲል አፋጠጣቸው።

«አውጥቻለሁ» አሉ። «ጠበቃ ነበርሁ። ሰው ሳይሰማ እንደማይፈረድበት ከሁሉም በላይ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ባለ መሬቷ የት አለች ብዬ አልጠየቅሁም። አጥፍቻለሁ።»

ከዚያ ዳኛውን አስፈቅደው ወደ እማማ እታለማሁ ዞሩና በአዊኛ ተናገሩ። ርብቃ አዊኛ አትሰማም። ያ ጥይት ያልመለሰው ሰው ግን በቆሰለ እግሩ ዝቅ ብሎ የአሮጊቷን ጉልበት ሲይዝ አየች። መነሳት አቃታቸው። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ደግፈው አነሷቸው።

መሬቱ ተመለሰ። ፓርቲያቸው በሚቀጥለው ምርጫ አቶ ሽባባውን አላቀረባቸውም። አንድ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ከባጃጅ ሲወርዱ አይታ ርብቃ በፊት የእሳቸው ከነበረው ትልቅ ጠረጴዛ ብድግ አለች። እሳቸው ግን ባለጉዳይ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ሳብ አድርገው ተቀመጡና፣ የዛሬ መዝገብ የቱ እንደሆነ ጠየቋት።