ውሃ ያልጠማት ተወካያችን

ወላሂ፣ ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ወላሂ ለማይበቃው ሰው ቁልቢ ገብርኤልን እጨምርለታለሁ። አራተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ከመጣላቴ በፊት በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዳር ያለው ትምህርት ቤታችን አንድ ቧንቧ ነበረው፤ ቁልፉ ግን ዲሬክተራችን ጋሼ አለምብርሃን አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ውሃ የሚጠጡት መምህራንና የዲሬክተሩ ጽጌረዳ ብቻ ነበሩ። እኛ በዚያ የድሬ ሙቀት ምራቃችንን እንውጣለን።

የፓርላማ ምርጫ ሰሞን ጋሼ መምህራኑን ሁሉ ይዘው ወጡና፣ «እኛም የተማሪ ተወካይ እንመርጣለን!» አሉ። «ተወዳዳሪ ሁሉ እንደ ፓርላማው ምልክት ይይዛል፤ ተማሪው ከወደደው ምልክት ኋላ ይሰለፋል። የተመረጠው ለክብሩ ከመምህራን ቧንቧ ይጠጣል።»

ክብሩ ለእህታቸው ልጅ ለነጋ ተለክቶ እንደተሰፋ ሁላችንም ገብቶናል። ነጋ በጠመኔ የተሳለ ባቡር ይዞ ቀረበ።

በእኛ በኩል ኹርሲ ተነሳች፤ ቧንቧውን ለሁሉም አስከፍታለሁ ብላ። ምልክቷ ፍየል። ሣልልኝ ብትለኝ ሣልኩላት።

«ዋርያ ፋራህ፣ ይኼ ወንበር ነው?» አለችኝ ሥዕሉን አይታ።

«አቦ ተይኝ! እውነተኛዋን አመጣልሻለሁ» አልኩና ከጀልዴሳ ገጠር የመጣችውን የአክስቴን ፍየል ጎትቼ መጣሁ።

ከባቡሩ ኋላ ነጋና አንድ ጓደኛው ቆሙ። ከፍየሏ ኋላ ያለው ሰልፍ ግን ከግቢው ወጥቶ፣ ከተማውን አልፎ መልካ ጀብዱ ደረሰ።

ጋሼ ላባቸውን ጠርገው ፈገግ አሉ። «ኹርሲ፣ ካንቺ ኋላ የተሰለፈ አለ?»

«ከፍየሌ ኋላ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የተመረጠችው ፍየሏ ናት። አንቺ ወደ ክፍልሽ!»

የኹርሲ ዓይን እንባ ሞላ፤ አፏ ግን አልተዘጋም። «እሺ ጋሼ። በሉ ተወካያችንን ያጠጡልን።»

መምህራኑ ሁሉ የሰሙት ቃል ነው፣ ጋሼ የት ይገባሉ? ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ቧንቧውን ከፈቱ። ፍየሏ አሽትታ ፊቷን አዞረች።

«የጀልዴሳ ፍየል ናት፣ ጋሼ» አልኩ እኔ። «ውሃ ጉድጓድ ላይ እየዘፈኑ እያጠጡ ነው ያሳደጓት። ሰው ከብቧት ካልዘፈነላትና አብሯት ካልጠጣ አትቀምስም።»

«ዝፈኑላታ!» አሉ በንዴት።

ዘፈንን። እየተፈራረቅን ጎንበስ ብለን እስኪበቃን ጠጣን። ፍየሏ አልጠጣችም። በማግስቱም እንዲሁ። ዓመቱን ሙሉ በየእረፍቱ ቧንቧው ተከፈተ፤ ጋሼም ጽጌረዳቸው አጠገብ ቆመው፣ «ተወካያችሁ ዛሬም አልጠማትም?» ይሉናል።

አንድ ነገር ግን ፈጥሬያለሁ፣ አልክድም። ፍየሏ ሳይዘፈንላትም ትጠጣ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አክስቴ ቤት ሆዷ እስኪነፋ አጠጥቼ ነው የማመጣት። ያንንም ቢሆን የፈጠርኩት ለጋሼ እንጂ ለእናንተ አይደለም።

ሰልፉ መልካ ጀብዱ መድረሱማ እውነት ነው።