የውጭ ዕቃ

ሦስተኛው ምስክር መካኒሳ አደባባይ ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ቆሟል። ሁለቱ ቀድመው ደርሰው ነጋዴው ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ውሉ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ነፋስ እንዳይወስደው የጀማሉዲን የመኪና ቁልፍ ተጭኖበታል። ሪሐና ዓይኗን ከቁልፉ ላይ መንቀል አቃታት። ያ ሰውዬ አደባባዩን ተሻግሮ ሦስት ፎቅ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው ጊዜ ያላት። ከዚያ በኋላ ወንድሟ ይፈርማል፣ ቪትዟም የነጋዴው ትሆናለች።

ቪትዟ ደግሞ እንዲሁ መኪና ብቻ አይደለችም። ጀማሉዲን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ እየተጠራ ሰው ያመላለሰባት፣ እናታቸውን፣ ሚስቱንና ልጁን የምታበላ፣ ሪሐናንም ኮሌጅ ያስጨረሰች ናት። አሁን በአሥራ ሁለት የሌዘር ታግ ጠመንጃና በአሥራ ሁለት ሰደርያ ልትለወጥ ነው።

ሐሳቡ የሪሐና መሆኑን ማንም አይክድም። ሀና ማርያም ባለው የአጎታቸው ሜዳ ላይ አሮጌ ጎማና በርሜል ደርድረው፣ ወጣቱን በሁለት ቡድን ከፍለው ሊያታኩሱ ነው። ጥይት የለበትም። ጠመንጃው የሚተኩሰው የማይታይ ብርሃን ነው፤ ሰደርያው ላይ ያለው ሴንሰር ብርሃኑን ሲቀበል ቀይ መብራት ይበራል፤ መብራት የበራበት ሞተ ይባልና ይወጣል። ሪሐና ስድስት ወር ሙሉ ስታጠያይቅ ከርማ፣ ቢሾፍቱ ሥራ ያቆመ አንድ ሰው የሚሸጠውን ዕቃ አግኝታ ነበር። ብርቱካናማ፣ የተጫጫረ፣ ለዓይን የማይሞላ፣ ግን ለሜዳ የተሠራ።

ጀማሉዲን ደግሞ ነጋዴውን በፍቃዱን አገኘ። ከትናንት ወዲያ ከሳሪስ ጭኖት ሲመጣ ወሬ ጀመሩ፤ ከወሬ ወደ ዕቃ፣ ከዕቃ ወደ መኪና ተሻገሩና፣ ደላላ እንኳ ሳይገባባቸው ተስማሙ። ጀማሉዲን እንዲህ ነው፤ ሰው ከወደደ ወደደ ነው። ለእህቱ ሲነግራት አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ የውጭ መሆኑን አረጋግጥ አለችው። ወዲያው ደውሎ አረጋገጠላት። የውጭ ነው፣ ጥርጥር የለውም ብሏል አላት። ዛሬ ጠዋት ይዟት መጣ።

ዕቃው ያምራል፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ጥቁር፣ ከበድ ያለ፣ ቃታው ሲሳብ እጅ ላይ የሚነዝር ነው። ጀማሉዲን ሲጨብጠው አሥር ዓመት ወጣትነት ተመለሰለት። በፍቃዱ መጋረጃውን ዘጋግቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተኩሶ አሳያቸው፤ ሰደርያው ባንዴ ቀላ። ሪሐናን ያስፈራት ግን ያ መጋረጃ ነው። ሁለት ዓመት በአንድ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ባለ የመጫወቻ አዳራሽ ሠርታለች። አንድ ቀን ለልደት ብለው ጠመንጃዎቹን ወደ ጣሪያው ሜዳ ቢያወጧቸው አንዱም አልሠራ አለ። ፀሐይ ራሷ ያንኑ የማይታይ ብርሃን ትረጫለችና፣ ደካማ ሴንሰር ቀን ላይ ይታወራል። የወላጆቹን ስድብ የጠጣችው ሪሐና ነበረች፤ እስካሁን አልረሳችውም።

እስቲ ፀሐይ ላይ እንሞክረው አለች። በፍቃዱ የሰማት አልመሰለም። ከጠዋት ጀምሮ አንዴም ወደ እሷ ዞሮ አልተናገረም፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ለጀማሉዲን ይመልሳል። ከሰዓት ከሐዋሳ የሚመጣ ሌላ ገዢ እንዳለ፣ ዕቃውን እስካሁን ያቆየውም ለጀማሉዲን ሲል ብቻ እንደሆነ ነገረው። ጀማሉዲን እህቱን በዓይኑ ገሠጻት። ሰው ፊት አታሳፍሪኝ ማለቱ ነው፤ ይህን ዓይን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። በዚህ መሀል የበፍቃዱ ስልክ ጠራ። ምስክሩ አደባባዩን አልፏል።

ሪሐና ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። ሰደርያውን አንሥታ አጠለቀችና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ና ተኩስብኝ ብላ ደረጃውን ወረደች። ጀማሉዲን ይሳቅ ይናደድ እንደቸገረው ጠመንጃውን ይዞ ተከተላት። ነጋዴውና ሁለቱ ምስክሮችም ትርኢት እንደሚያይ ሰው ከኋላ ወረዱ።

ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ የጥር ፀሐይ የግቢውን ሲሚንቶ አግሎታል። ሪሐና መሀል ላይ ቆመች። ጀማሉዲን ከሃያ እርምጃ አነጣጠረና ቃታውን ሳበ። ምንም የለም። ደገመ። ቀረብ አለ፤ አሥር እርምጃ፣ አምስት። አምስት ላይ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ወደ አጥሩ ጥላ ገባች፤ ሲተኩስ ደረቷ ቀላ። ተመልሳ ፀሐይ ላይ ቆመች፤ አሁንም ምንም። የግቢው ጥበቃ ሳይቀር ነገሩ ገብቶት ራሱን ነቀነቀ።

ጀማሉዲን ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። "የውጭ ነው ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?"

"የውጭ ነው እንጂ!" አለ በፍቃዱ። "ከዱባይ ነው የገባው፤ እዚህ አገር እጅ አልነካውም። ጨዋታው ግን የአዳራሽ ነው። እሱን መች ጠየቅከኝ?"

ሰውዬው አልዋሸም። ወንድሟም አልዋሸም። እሷ የውጭ ስትል የሜዳ ማለቷ ነበር፤ ጀማሉዲን ግን በመርካቶ ነጋዴ ልጅ ጆሮው ሰምቶ፣ የአገር ውስጥ አይሁን ማለቷ መሰለው። ነጋዴውም እንደተጠየቀው መለሰ። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው። ሜዳ ብትል ምን ነበረበት? በገዛ አፏ የወንድሟን መኪና ልታስበላ ነው።

ይህን ጊዜ ሦስተኛው ምስክር፣ መዝገቡ የሚሉት ቦርጫም ሰው፣ መንገዱን እየረገመ በግቢው በር ገባ። በፍቃዱ ሰዓቱን አየ። የሐዋሳው ገዢ አዳራሽ እንዳለው፣ ካልፈለጉ መተው እንደሚችሉ ተናገረና፣ ወደ ጀማሉዲን ጠጋ ብሎ፣ የወንድ ልጅ ቃል አንድ ነው ብዬ ነበር አለው።

ሪሐና ወንድሟ እፎይ ብሎ ቁልፉን የሚያነሳ መስሏት ነበር። እሱ ግን ሦስቱን ምስክሮች ተራ በተራ አያቸው። ቃሌ ቃል ነው አለ። ዛፍ እንተክላለን፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ሲበርድ እናጫውታለን እያለ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ከኋላው እየሮጠች፣ ሰው የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ እኩለ ቀን ላይ መሆኑን፣ ሜዳው ላይ አንድ ዛፍ እንኳ እንደሌለ፣ የተተከለው ዛፍ ጥላ እስኪኖረው ልጁ ጎረምሳ እንደሚሆን በሹክሹክታ ነገረችው። ዞሮም አላያት። የሚወጣው ደረጃውን ሳይሆን እልሁን ነበር።

ላይ ሲደርሱ ቁጭ አለ። በፍቃዱ እስክሪብቶ ሰጠው።

"እኔ አልሠራበትም" አለች ሪሐና። ድምፅዋ ከጉሮሮዋ አላለፈም፤ ማንም ቀና አላለም። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ነው። "ጋሼ! ጥፋቱ የኔ ነው፤ አነጋገሬ ነው ያሳሳተህ። ግን ይህን ዕቃ ብትገዛ ወላሂ አልሠራበትም።"

በዕድሜዋ ሙሉ ወንድሟን እምቢ ብላው አታውቅም፤ ያውም ባዕድ ፊት። የፈራችው ቁጣውን አይደለም። የፈራችው፣ እሷ እምቢ በማለቷ ብቻ ተናዶ እንዳይፈርም ነው። ኩሩ ሰው እልህ ከያዘው ቤቱን ያቃጥላል።

በፍቃዱ ሳቀ። አሁንም የሚያየው ጀማሉዲንን ነው። "ለመሆኑ ማናችሁ ናችሁ የምታዙት? አንተ ነህ እሷ?"

የጀማሉዲን ጆሮ ቀላ። ጀማሉዲን እስክሪብቶውን ይዞ ወረቀቱን ሲያይ፣ ሪሐና አለቀ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ እስክሪብቶው ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቁልፉ የወንድሟ እጅ ላይ።

"እሷ ናት" አለ ጀማሉዲን። "የሥራው ባለቤት እሷ ናት። እኔ ሹፌሯ ነኝ። የምትለው ካለ ለሷ ንገራት።"

በፍቃዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሪሐና ዞረ።

መኪናዋ ተነሣች። ቁጣውን ስትጠብቅ አቦ ቤተ ክርስቲያንን አለፉ፣ ሳሪስ ደረሱ። ነፋስ ስልክ ወዳለው ቤታቸው የሚታጠፉበትን ትቶ ወደ ቃሊቲ ሲያመራ ገባት፤ ይህ የቢሾፍቱ፣ የብርቱካናማው ዕቃ መንገድ ነው።

"ሪሐና።"

"አቤት ጋሼ።"

"ሌላ ጊዜ ሰው ፊት እምቢ ስትይኝ ጮክ ብለሽ በይው" አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። "የመጀመሪያውን እንዳልሰማ ለመሆን ብዙ ታግያለሁ።"